የስኪት ጥይትና የብትን ዘር

የፓሪስ ኦሎምፒክ ሰሞን ነው። ደብረ ማርቆስ፣ እናቴ ቤት፣ ቡና ተፈልቶ ቴሌቪዥኑ በርቷል። የስኪት ውድድር እየታየ ነው። ትንሽ ሳህን የምትመስል ነገር ከአንድ ቤት ተወንጭፋ ትወጣለች። ተኳሹ ጠመንጃውን ከወገቡ ያነሳና ይተኩሳል። ሳህኗ አየር ላይ ብናኝ ትሆናለች። ከቢቸና የመጡት አጎቴ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ስኒያቸውን አስቀመጡና «ይኼ ሰውዬ ምን ዓይነት ጥይት ቢያጎርስ ነው እንዲህ የሚያደቃት? መቼም ኃይለኛ ነው» አሉኝ።

ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። ልጃቸው አሜሪካ ነው ያለው፤ ስኪት ከጀመረ ገና ወራት ቢሆነው ነው። በዚያው ሳምንት የሱቅ መደርደሪያ ፎቶ በቴሌግራም ልኮ «የቱን ካርቶን ልግዛ?» ብሎን ነበር። አባቱ ወዲያው መለሱለት፦ «ወፍራሙን፣ ኃይለኛውን ግዛ።»

እኔ በዚህ አልተስማማሁም። ውጭ አገር በኖርኩባቸው ሁለት ዓመታት ቅዳሜና እሁድ አንድ የስኪት ሜዳ ላይ እሠራ ነበር። መወንጨፊያውን ሳህን አጎርሳለሁ፣ የወደቀ ቀለሃ እለቅማለሁ። ቀለሃ የሚለቅም ሰው ማን በምን እንደሚተኩስ ያውቃል። ጎበዞቹ የሚጥሉት ቀለሃ አብዛኛውን ጊዜ ከቀላሉ ጥይት ነበር። ይኼ መጀመሪያ ላይ ለእኔም ግራ ገብቶኛል። ለአጎቴና ለልጃቸው ያስረዳሁትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

እኛ ጋ ጥይት ሲባል የሚታየን አንድ አረር ነው። ምንሽርም ይሁን ውጅግራ ወይም ክላሽ፣ ከአንድ ጥይት የሚወጣው አረር አንድ ነው። አልሞ ተኳሽ የምንለውም ያቺን አንዷን አረር ሩቅ ካለ ኢላማ ጋር የሚያገናኘውን ሰው ነው። ስለዚህ ጥሩ ጥይት ማለት ሩቅ የሚሄድ፣ የማይዛነፍ፣ ሲደርስ የሚበሳ ነው። አጎቴ በዚህ ሚዛን ከለኩት ልክ ናቸው።

ስኪት የሚተኮስበት ጠመንጃ ሾትገን ይባላል። የሾትገን ጥይት ግን ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎች አሉት። ሲተኮስ አብረው ይወጡና እየተበተኑ ይሄዳሉ። «ጋሼ፣ ጤፍ ሲዘሩ እንዴት ነው?» አልኳቸው። እጃቸውን አነሱና አሳዩኝ፤ እፍኝ ሙሉውን በአንድ ጊዜ፣ በሰፊው፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ዘሩ እኩል ካልተበተነ አንዱ ጋ ተፋፍጎ ይበቅላል፣ ሌላው ጋ ሳስቶ መሬቱ ይታያል። የስኪት ተኳሽም አየር ላይ ብትን ዘር ነው የሚዘራው። ሳህኗ የምትሰበረው ዘሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ስትገኝ ነው። በሳሳበት በኩል ካለፈች፣ ተኳሹ በትክክል ቢያነጣጥር እንኳ ትድናለች።

አሁን ርቀቱን እንይ። ጥይቱን የሚወስነው እሱ ነው። የስኪት ሜዳ ግማሽ ክብ ነው። በሁለቱ ጫፍ ሁለት ትናንሽ ቤቶች አሉ። አንዱ ሳህኗን ከ3 ሜትር ከፍታ ይወነጭፋታል፣ ሌላው ከ1 ሜትር ብዙም ከማይበልጥ ቦታ። ተኳሹ በ8 መቆሚያዎች ይዞራል፤ ሰባቱ በክቡ ላይ ናቸው፣ ስምንተኛው በሁለቱ ቤቶች መካከል ነው። የሳህኖቹ መንገድ የሚሻገርበት ነጥብ ከሰባቱ መቆሚያዎች 19 ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ አብዛኛው ተኩስ ከ20 ሜትር ብዙም አይርቅም። ለምንሽር ሰው ይኼ ርቀት እዚሁ በር ላይ ማለት ነው። (ጨዋታውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አካባቢ በማሳቹሴትስ፣ አንዶቨር፣ ቻርለስ ዴቪስ የተባሉ አዳኝና ጓደኞቻቸው ናቸው፤ ለወፍ አደን እንዲለማመዱበት። ሜዳው መጀመሪያ ሙሉ ክብ ነበር። ጎረቤት የዶሮ እርባታ ሲከፍት በዚያ በኩል መተኮስ ስለማይቻል ለሁለት ተከፈለና ግማሹ ቀረ።)

ሳህኗ 11 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት አላት። ክብደቷ 105 ግራም ነው። ሸክላ ትባላለች እንጂ የተሠራችው ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከሬንጅ መሰል ማጣበቂያ ነው፤ ስለዚህ ተሰባሪ ናት። ሁለት ሦስት ፍሬ በደንብ ካገኛት ትበተናለች። መበሳት አያስፈልግም። አስቸጋሪው ነገር ብዙ ጊዜ የምትታየን በጎኗ መሆኑ ነው። እንጀራ ሰፌድ ላይ ሆኖ ከጎን ስታዩት ቀጭን መስመር አይደል? እንደዚያ።

የልጁ ፎቶ ላይ ሁለት ካርቶኖች ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው ላይ የተጻፈው፦ 12፣ 2¾፣ 1⅛፣ 7½፣ 1200። ሁለተኛው ላይ፦ 12፣ 2¾፣ ⅞፣ 9፣ 1200። አምስት አምስት ቁጥር ነው። ያወቀው ሰው ሱቁ ውስጥ ማንንም አይጠይቅም።

12 የአፈሙዙ ስፋት መጠሪያ ነው፤ ጌጅ ይሉታል። አመጣጡ ደስ ይላል። የአፈሙዙን ውስጥ ልክ የሚሞላ የእርሳስ ኳስ ሥራ። እንዲህ ዓይነት 12 ኳሶች አንድ ፓውንድ የሚመዝኑ ከሆነ ጠመንጃው 12 ጌጅ ነው። 20 ኳስ የሚያስፈልግ ከሆነ 20 ጌጅ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር አፈሙዙ ይጠባል። የ12ቱ ውስጥ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የ20ው 15.6 ገደማ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ጉዳዩ የሕይወት ነው። የ20 ጌጅ ጥይት በስህተት 12 ጌጅ ጠመንጃ ውስጥ ከገባ፣ ተንሸራቶ አፈሙዙ ውስጥ ይቀረቀራል። ተኳሹ ጎሬው፣ ማለትም ጥይቱ የሚገባበት ቦታ፣ ባዶ ይመስለውና ከኋላው የ12ቱን ያጎርሳል። ከዚያ ቃታውን ሲስብ አፈሙዙ እጁ ላይ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ቀለሃ በተለምዶ ቢጫ የሚደረገው ከሩቅ እንዲለይ ነው። እኔ በሠራሁበት ሜዳ ሁለት ዓይነት ጥይት በአንድ ኪስ መያዝ ክልክል ነበር። ልጁንም ከሁሉ በፊት ያልኩት ይኼንን ነው።

2¾ የቀለሃው ርዝመት በኢንች ነው፤ 70 ሚሊ ሜትር። የሚለካው ከተተኮሰና አፉ ከተከፈተ በኋላ ነው። ስለዚህ ያልተተኮሰው አጭር ስለሚመስል አጭር ጎሬ ያለው አሮጌ ጠመንጃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ገባ ማለት ግን ይስማማል ማለት አይደለም፤ ሲከፈት ቦታ ያጣና ግፊቱ ከልክ ያልፋል። ጠመንጃው ላይ የተቀረጸውን ርዝመት ማየት ነው።

ሦስተኛው ቁጥር የእርሳሱ ክብደት ነው፣ በአውንስ። አንድ አውንስ 28 ግራም ነው። አጎቴ ይኼን ሲሰሙ «አንድ ወቄት በለው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጠገራ ብርም ክብደቱ 28 ግራም ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ካርቶን ጥይት በጠገራ ብር ላይ አንድ ስምንተኛ ይጨምራል፤ 32 ግራም። ሁለተኛው ከጠገራ ብር ያንሳል፤ 25 ግራም ገደማ። በኦሎምፒክ ስኪት ደግሞ የተፈቀደው ጣሪያ 24 ግራም ነው። ያ አጎቴ ኃይለኛ ያሉት ጥይት ማለት ነው።

አራተኛው ቁጥር የፍሬው መጠን ነው። ዋናው ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። ይኼም ቁጥሩ ሲጨምር ፍሬው ያንሳል። በአሜሪካ አቆጣጠር ቁጥር 9 ፍሬ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዳጉሳ ቢያክል ነው። ቁጥር 8 2.3 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥር 7½ 2.4 ሚሊ ሜትር፤ ከዳጉሳ ከፍ ብሎ ከማሽላ ያንሳል። ለትልልቅ አውሬ አደን የሚሠራው ደግሞ ሽምብራ ያክላል። አቆጣጠሩ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ካርቶኑ ላይ ሚሊ ሜትሩ ከተጻፈ ከቁጥሩ ይልቅ እሱን ማመን ይሻላል።

አሁን እንቁጠር። በአንድ አውንስ ውስጥ ቁጥር 9 ወደ 585 ፍሬ ይገባል፣ ቁጥር 7½ ግን 350 ገደማ ብቻ። ስለዚህ ከባዱ ካርቶን በአንድ ጥይት 394 ያህል ፍሬ አለው። ቀላሉ ካርቶን 512 ያህል። ይኼን ስነግራቸው አጎቴ ደግመው አስቆጠሩኝ። ሰባት ግራም የሚቀለው ጥይት ከመቶ በላይ ብልጫ ያለው ፍሬ ይዟል! ጤፍና ባቄላ በአንድ ጣሳ መስፈር ማለት ነው።

ይኼ ሳህኗ ላይ ምን ያመጣል? ለስኪት የሚፈለገው ዘሩ 20 ሜትር ላይ 75 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ እንዲሞላ ነው። ከፍሬው 85 በመቶው እዚያ ክብ ውስጥ ገባ እንበል፣ እኩል ተበትኖ። በጎኗ የምትታየው ሳህን የምትሸፍነው ቦታ 11 በ2.5 ነው፤ 27 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ። ሒሳቡ ሲሠራ ከከባዱ ጥይት በአማካይ ሁለት ፍሬ ያገኛታል። ከቀላሉ ወደ ሦስት ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ይኼ አማካይ ነው። አማካዩ ሁለት ሲሆን አንድ ብቻ የሚያርፍበት ወይም ጭራሽ የማያርፍበት ጊዜ ይበዛል። ሦስት ሲሆን ያ ይቀንሳል። ውድድር የሚሸነፈው ደግሞ በአንድ ሳህን ነው።

«እንግዲያው ለምን እንደ ጤፍ አያደቁትም?» አሉኝ አጎቴ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ትንሽ ፍሬ ቶሎ ይደክማል። ጤፍ ቢወረወርብህ አይሰማህም፤ ሽምብራ ቢወረወርብህ ግን ዞር ትላለህ። አየሩ ትንሿን ፍሬ ቶሎ ይይዛታል። ቁጥር 9 በ20 ሜትር ሳህን ለመስበር በቂ ጉልበት አለው፣ ከ30 ሜትር በኋላ ግን ይሰንፋል። ለዚህ ነው ሳህኗ ከተኳሹ እየራቀች በምትሄድበት ትራፕ በሚባለው ሌላ ጨዋታ 7½ የሚመረጠው። ነፋስ በበዛበት ቀን ስኪት ላይም ቁጥር 8 የሚይዙ አሉ፤ አልቃወማቸውም።

ጉልበት ወሳኝ እንዳልሆነ ለማመን አንድ ነገር ማወቅ ይበቃል። በአሜሪካ ስኪት አራት የጠመንጃ መጠን አለ፤ ትንሿ አራት አሥር ትባላለች። የምትይዘው ግማሽ አውንስ ብቻ ነው፣ በቁጥር 9 ከ300 ፍሬ በታች። በእሷ ከ100 ሳህን 100 የሰበሩ ተኳሾች አሉ።

አምስተኛው ቁጥር ፍጥነት ነው። 1200 ጫማ በሰከንድ፣ ማለትም 366 ሜትር። ገዢን በጣም የሚያታልለው ይኼ ነው። ፈጣን ጥይት ሲገዛ ሳህኗን ቶሎ የሚደርስባት ይመስለዋል። ፍሬው 20 ሜትሩን የሚጨርሰው ከሰከንድ መቶኛ ስድስት ወይም ሰባት ባልበለጠ ጊዜ ነው። ፍጥነቱ በ100 ጫማ ቢጨምር ሳህኗ በተረፈው ጊዜ የምትሄደው አንድ ጋት ያህል ነው። የዘሩ ክብ ስፋት 75 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሳለ አንድ ጋት ማንንም አያድንም። በዚያ ፋንታ የሚመጣው የሰደፍ ምት ነው።

ስለ ምቱ እኛ ጋ ብዙ አይወራም። ትከሻዬን አመመኝ ማለት እንደ ስንፍና ይቆጠራል። እዚህ ላይ ግን በግልጽ መነጋገር አለብን። አንድ ዙር 25 ሳህን ነው። በኦሎምፒክ ማጣሪያው 125 ነው። ጠመንጃው አንድ፣ ፍጥነቱም እኩል ቢሆን፣ 32 ግራም የሚተኩስ ሰው ትከሻው ላይ የሚያርፈው የምት ጉልበት 25 ግራም ከሚተኩሰው ከአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ክብደቱ በትንሹ ሲጨምር ምቱ በብዙ ስለሚያድግ ነው። ሰውነት ደግሞ ይማራል። ከአርባኛው ጥይት በኋላ ዓይን ሳያውቀው ይጨፈናል፣ ትከሻ ቀድሞ ይሸሻል። እዚያ ሜዳ ላይ ብዙ ጠንካራ ወንዶች በከባድ ጥይት ሲጀምሩ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ የሚስቱት ሳህን ይበዛል፤ እነሱ ግን ጥፋቱን ዓይናቸው ላይ ይጥሉታል። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ኦሎምፒክ፣ ስኪት ለወንድና ለሴት አንድ ላይ በነበረበት ጊዜ፣ ወርቁን የወሰደችው ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን ናት። ከመጀመሪያዎቹ 200 ሳህኖች 200ውንም ሰብራለች።

ስለ ቀሪው ባጭሩ። እርሳሱ አንቲሞኒ የሚባል ማዕድን ሲጨመርበት ይጠነክራል፤ ጠንካራ ፍሬ ሲተኮስ ቅርጹን ስለማያጣ እኩል ይበተናል። በስኪት ርቀት ለስላሳውም ይሠራል፣ ግን እኔ ብር ከተረፈኝ ጠንካራውን እገዛለሁ። ፍሬው የተቀመጠበት የፕላስቲክ ስኒ ፍሬውን ከአፈሙዙ ግድግዳ ይጠብቃል። የአፈሙዙ ጫፍ ጥበት፣ ቾክ የሚሉት፣ ለስኪት በጣም ትንሽ መሆን አለበት፤ 0.13 ሚሊ ሜትር ገደማ። የውኃ ጎማ ጫፍ በጣት ሲጨመቅ ውኃው ሩቅና ቀጭን ሆኖ ይሄዳል አይደል? ለስኪት የምንፈልገው የተገላቢጦሹን ነው።

ይኼ ሁሉ ቁጥር ግን ወረቀት ላይ ተኩሶ ከመፈተን አይበልጥም። ሁለት ጠመንጃዎች አንድን ጥይት በተለያየ መንገድ ይበትኑታል። ስለዚህ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ትንሽ ካርቶን ግዛ። ሜዳው በሚፈቅደው ቦታ፣ ከኋላው አስተማማኝ አፈር ባለበት፣ አንድ ሜትር ከሃያ የሚሆን ወረቀት ወጥረህ ከ20 ሜትር አንዴ ተኩስ። አንዴ ብቻ። ከዚያ በሲባጎና በእርሳስ 75 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሥራ፤ መሀሉን ወረቀቱ ሳይሆን ቀዳዳዎቹ የበዙበት ቦታ ይወስነው። ካርቶን በ11 በ2.5 ሳንቲ ሜትር ቁረጥና ክቡ ላይ እያንሸራተትክ ሞክር። ካርቶኗ ምንም ቀዳዳ ሳትነካ የምትቀመጥበት ቦታ ካገኘህ፣ እዚያ ሳህን ታመልጥሃለች። በአንድ ወረቀት አትፍረድ፤ ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ አራት አምስት ወረቀት ያስፈልጋል። የተሻለውን ስታገኝ ከዚያው ዓይነት በርከት አድርገህ ግዛ። ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን የሚያጎርስ ሰው ስህተቱ ከእጁ ይሁን ከጥይቱ አያውቅም።

ወረቀቱ እዚያው በሚተኮስበት አገር መፈተን አለበት። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ወደ 2,450 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ ገደማ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ፍሬው ፍጥነቱን ትንሽ ያቆያል፣ ብተናውም ትንሽ ይጠባል፣ ሳህኗም ራቅ ብላ ትሄዳለች። ቆላ ላይ ያማረ ወረቀት ደጋ ላይ ያንኑ ላያሳይ ይችላል።

እርሳስ መርዝ መሆኑንም ሳላነሳ አላልፍም። ወፎች ምግባቸውን ለመፍጨት ጠጠር ይውጣሉ፤ ከጠጠሩ ጋር የእርሳስ ፍሬ ከዋጡ ይመረዛሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለውኃ ወፎች አደን እርሳስን ከልክላለች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በረግረግ ቦታዎች ከልክሏል። እኔ ይኼን ሳስብ የሚታየኝ ጣና ዳር ነው፣ ጭቃው ላይ የሚለቅሙት ቁራዎችና ዳክዬዎች። በእርሳስ ምትክ የሚሠራው ብረት ነው። ብረት ስለሚቀል በቁጥር ሁለት ደረጃ ተለቅ ያለ ፍሬ ይመረጣል፤ ለ9 ፋንታ 7 ማለት ነው። ጠንካራ ስለሆነ ግን ለአሮጌ አፈሙዝ አይሆንም፤ ጠመንጃው ለብረት የተፈቀደ መሆኑ ይታይ።

እኛ አገር መሣሪያም ሆነ ጥይት መያዝ በአዋጅ 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይፈልጋል። በየትኛውም አገር ሜዳ ላይ ደግሞ የጆሮና የዓይን መከላከያ ሳያደርጉ አይተኮስም። አጎቴ ጆሯቸው በአንድ በኩል የማይሰማው በወጣትነታቸው በተኮሱት ነው፤ ይኼን ለልጃቸው የነገሩት ራሳቸው ናቸው።

ልጁ የመከርኩትን አደረገ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሁለት ወረቀቶች ፎቶ ላከ፤ ሁለቱም ቁጥር 9፣ ሁለቱም ⅞፣ ከተለያየ አምራች። አጎቴ ስልኩን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። የመጀመሪያውን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በሌባ ጣታቸው ከክቡ ላይኛው ግራ በኩል ነኩና «እዚህ ጋ ሳስቷል» አሉ። ሁለተኛውን አዩ። «ይኼኛውን ይግዛ በለው። ይኼኛው እኩል ተዘርቷል።» እንደተናገሩት በድምፅ ቀድቼ ላኩለት።